ሎግኢኑ ቀላል ነበር፤ ያንገበገበኝ ውክልናው ነው

ኩኪ፣ ድረ ገጽ ብሮውዘራችሁ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ማስታወሻ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሲሄድ ሲስተሙ ላይ ማን በእሱ ፈንታ እንደሚያጸድቅ የሚያስረዳ ግን አንድም አላገኘሁም። አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ጭቅጭቅ በቀረልኝ። ስለዚህ እኔው ልጻፈው።

ደብረ ማርቆስ ላለ አንድ ድርጅት የመጋዘን ሲስተም ሠርቼ ነበር። ስሙ ይቅር። ጤፍና ስንዴ ከገበሬ ይሰበስባል፤ ዩሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። ከደጀንም ከቢቸናም የሚመጣው እህል እዚያው ግቢ ይራገፋል። ሲስተሙ በቢሮው የውስጥ ኔትወርክ ላይ ነው የሚሠራው፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ጎጃም ለኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ችግሩ፣ ሎግኢን አልነበረውም። አድራሻውን የጻፈ ሁሉ ይገባል። ኦዲተሩ መጥቶ «ይህን ወጪ ማን ነው የመዘገበው?» ሲል ሁሉም ጣራ ጣራውን አየ። ሥራው እኔ ዘንድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው።

ብሮውዘርና ሰርቨር (ሲስተሙ ያለበት ኮምፒውተር) የሚነጋገሩበት ኤችቲቲፒ ማስታወስ አይችልም። አንድ ገጽ ሰጥቷችሁ ሲያበቃ ረስቷችኋል። ኩኪን በ1994 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ያመጣው ይህን ለመፍታት ነው። መሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያችሁን ተቀብለው ባጅ እንደሚሰጧችሁ ነው፤ ባጁ ላይ ቁጥር ብቻ አለ፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ጥበቃው ጋ ያለው መዝገብ ነው። አንዳንዱ ኩኪው ውስጥ «ሥራ አስኪያጅ» ብሎ ይጽፋል። ያንን ቃል ብሮውዘሩ ላይ መቀየር ለማንም የኮሌጅ ተማሪ የደቂቃ ሥራ ነው። ሊገመት የማይችል ረጅም ቁጥር ብቻ አስቀምጡ፤ ሌላው ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ ይቆይ።

ፓስወርድን እንዳለ አታስቀምጡ፤ ቢክሪፕት በሚባለው ዘዴ ሃሽ አድርጉት፤ ማለትም ወደ ኋላ ወደማይመለስ ኮድ ቀይሩት። የፕሮግራም ቋንቋው ፒኤችፒ ለዚህ አብሮት የሚመጣ ፈንክሽን አለው። አንድ ጣጣ ግን አለ። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይወስዳል። ከ24 ፊደል በላይ ያለው አይቆጠርም ማለት ነው። «ማን 24 ፊደል ይጽፋል?» እንዳትሉ። ጎጃም ነው ያለነው። ቅኔ ቤት የቆዩት የመጋዘን ኃላፊ ሙሉ ጉባኤ ቃና ነበር ፓስወርድ ያደረጉት። ሁለተኛውን ቤት ቢያሳስቱት እንኳ ሲስተሙ ዝም ብሎ ያስገባቸዋል። አርጎን2 የሚባለው ሌላው የሃሽ ዘዴ ይህ ችግር የለበትም፤ ወደዚያ አዞርኩት።

የቀረው የኩኪው ሴቲንግ ነው። ሎግኢን ሲሳካ የሴሽን ቁጥሩን (ያንን የባጅ ቁጥር) ቀይሩ፤ ቁጥሩን ቀድሞ ያወቀ ሰው አብሮ እንዳይገባ። ኤችቲቲፒኦንሊን አብሩ፤ ገጹ ላይ የሚሮጠው ኮድ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ኩኪውን እንዳያነበው። ሴምሳይትን ላክስ አድርጉ፤ ከሌላ ድረ ገጽ የሚላክ ፎርም በእናንተ ሰው ኩኪ እንዳይነግድ።

ሴኪዩር የሚለው ሴቲንግ ትንሽ አድክሞኛል። ላፕቶፔ ላይ ይሠራል። ቢሮ ስወስደው ፓስወርዱ ልክ ሆኖ ሳለ መልሶ ሎግኢን ገጹ ላይ ይጥላል። ለካ ሴኪዩር የተባለ ኩኪ ያለ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው ኤችቲቲፒ) አይቀመጥም፤ ብዙዎቹ ብሮውዘሮች የሚያልፉት ሎካልሆስትን፣ ማለትም ራሱን ኮምፒውተሩን፣ ብቻ ነው። «የውስጥ ኔትወርክ ነው፣ አጥፋውና ተገላገል» ያለኝ ብዙ ነው። አላጠፋሁትም። የዚያን ግቢ ዋይፋይ ፓስወርድ ጫኝ አውራጁ ሁሉ ያውቀዋል። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ራሴ ሠርቼ በየኮምፒውተሩ ጫንኩ።

ደግሞ ፒኤችፒ ካልነካችሁት ሥራ ፈት ሴሽንን ከ1440 ሰከንድ በኋላ ሊጠርገው ይችላል። 24 ደቂቃ ነው። አንድ አይሱዙ እህል ተራግፎ እስኪመዘን ከዚያ ይበልጣል። መመሪያዎች ሴሽን አጭር ይሁን ይላሉ፤ እኔ ግን ሙሉ የሥራ ቀን ሰጠኋቸው። ወጪ ሊያጸድቁ ሲሉ ፓስወርድ እንደገና ይጠየቃሉ። በየሃያ ደቂቃው የሚያባርር ሲስተም ሰውን ጥንቃቄ አያስተምርም፤ ፓስወርዱን ስክሪኑ ላይ እንዲለጥፍ ነው የሚያስተምረው።

አሁን ወደ ቁስሌ ልምጣ።

ማን ምን እንደሚፈቀድለት ፕሮግራመር አይወስንም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁን በጽሑፍ ጠየቅኳቸው። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ) ማን ይመዘግባል? ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ) ማን ያጸድቃል? ዋጋ ማን ያያል?

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የኮምፒውተር ጉዳይ አይደለም እንዴ? ለጊዜው ለሁሉም ክፈትላቸው፤ በሂደት እናስተካክላለን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለሁሉም ከተከፈተማ ሎግኢኑ ምን ሊሠራ ነው?» ብላቸው ሳቁ። ሳቁ እንጂ አልጻፉም።

የፋይናንስ ኃላፊዋ ወጪ የሚጸድቀው በእኔ ነው አሉ። የንብረት ኃላፊው በእኔ ነው አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ያዘ። እጄ ሲገባ «በነባሩ አሠራር መሠረት ይፈጸም» ይላል። ነባሩ አሠራር እኮ ያገኘው ሰው ያጸድቃል የሚል ነበር! ለዚያች አንድ መስመር ሻይ ተፈልቶ፣ አበል ተከፍሎ።

መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ በቃል «የሁሉም ወጪ በእኔ ይጽደቅ፤ ለሌላው የማጽደቂያውን ቁልፍ ከስክሪኑ ደብቀው» አሉኝ። ቁልፍ መደበቅ ጥበቃ አይደለም። አላምን ሲሉኝ እሳቸው ፊት በመጋዘን ሠራተኛ ስም ገባሁ። ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን የሰነድ ቁጥር በእጄ ቀየርኩና ኢንተር አልኩ። የሌላ መጋዘን ወጪ ከነዋጋው ተዘረገፈ። «ምን አደረግህ?» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ምንም አላደረግኩም፤ አንድ አሃዝ ነው የቀየርኩት። በ2021 እ.ኤ.አ. በድረ ገጽ ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ ባወጣው የድረ ገጽ አደጋዎች ዝርዝር ላይ አንደኛ የሆነው ይኸው የፈቃድ ቁጥጥር ጉድለት ነው። ፍተሻው ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ፣ በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ። ሰውየው ገብቷል ወይ ብቻ ሳይሆን ይህ ሰነድ የእሱ መጋዘን ነው ወይ ተብሎ ይጠየቅ።

ያንን አስተካክዬ ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ባሕር ዳር ለስብሰባ ሄዱ።

የዩሪያ ሰሞን ነው። ገበሬው አህያውን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ተሰልፏል። ማጽደቅ የሚችሉት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሆኖም ዩሪያው ወጣ። ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ከቲተራቸው ጋር በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ ፓስወርዳቸው ነበር። ልጅቷን አልወቅሳትም፤ ታዝዛ ነው። ሎጉ፣ ማን ምን እንደሠራ ሲስተሙ የሚይዘው መዝገብ፣ ግን ሥራ አስኪያጁ ቢሮአቸው ካለው ኮምፒውተር ላይ ሆነው እንዳጸደቁ መዘገበ። የውሎ አበል ደረሰኙ ደግሞ ባሕር ዳር ነበሩ ይላል። ኦዲተሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

የሆነውን ገምቱ። «የሲስተም ክፍተት» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ቁጥር ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ግልባጩ ለአራት ክፍል የተበተነ። የሥልጣን ዝርዝር ስጡኝ ብዬ ስለምናቸው የጠፋ ደብዳቤ፣ እኔን ለመክሰስ ሲሆን በአንድ ቀን ተጻፈ። ይህን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል።

መፍትሔው ከኩኪ ጋር ምንም አይገናኝም። መሥሪያ ቤቶቻችን የሚሠሩት በውክልና ነው፤ ሲስተሙም ውክልናን ማወቅ አለበት። አንድ ሠንጠረዥ ጨመርኩ፦ ወካይ፣ ተወካይ፣ የትኛው ሥልጣን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የውክልና ደብዳቤ ቁጥር። ቁጥሩ ካልተሞላ ውክልናው አይመዘገብም። እዚህ ላይ ግትር ሆንኩ፤ በእሱም እኮራለሁ። ተወካዩ በራሱ ስም፣ በራሱ ፓስወርድ ይገባል። ሎጉ «እገሌ፣ በእገሌ ውክልና» ብሎ ይጽፋል። ቀኑ ሲያልፍ ሥልጣኑ በራሱ ይወድቃል። ሥልጣኑ ኩኪው ውስጥ ስላልተጻፈና ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሠንጠረዡን ስለሚያይ፣ ተወካዩ ሎግአውት እስኪያደርግ መጠበቅ የለም። ሠራተኛ ሲዛወርም እንደዚያው አድርጉ፤ አካውንቱን መዝጋት ብቻ ሳይሆን ክፍት ሴሽኖቹን ከሰርቨሩ አጥፉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ከመጣላችሁ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት «አለቃው በሌለ ቀን ማን ይፈርማል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ካልመጣ ቅድሚያ ክፍያውን አትቀበሉ።

የእነሱ መመሪያ ፓስወርድ በየ30 ቀኑ ይቀየር ይላል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት ራሱ ያለ ምክንያት በየጊዜው አታስቀይሩ ማለት የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ ቁጥር ጨምሮ ያልፋልና። ስለዚህ ማስገደጃውን አልሠራሁትም። ለምን ካሉኝ በደብዳቤ ይጠይቁኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችሉ አይቻለሁ።