ስለ ነዳጅ ከመከራከራችሁ በፊት ስለ ማመንጫው ጠይቁ

የመሥሪያ ቤታችን ያረጁ ተሽከርካሪዎች ሲተኩ በየትኛው ኃይል የሚንቀሳቀሱት ለአካባቢ እንደሚሻሉ አጥንቼ ለኮሚቴው እንዳቀርብ ተመደብኩ። አብዛኛው ሥራ ማንበብና ማስላት ነው፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ይወጣዋል። አንዱ እርምጃ ግን፣ የምንጠቀመው ኤሌክትሪክ ከምን እንደሚመነጭ ማወቁ፣ ትዕግሥቴን አሟጥጦታል። አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ቢያንስ እናንተ አውቃችሁ ግቡበት።

ቀላሉን ላስቀድም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ከናፍጣ ደግሞ 2.7 ገደማ። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጨርስ የቤንዚን መኪና ከጭስ ማውጫው ብቻ በኪሎ ሜትር 160 ግራም ያህል ይለቃል ማለት ነው። ድፍድፉን ማውጣት፣ ማጣራትና ማጓጓዝ ሲታከልበት ወደ 195 ይጠጋል። ናፍጣ በሊትር የበለጠ ስለሚያስኬድ በካርቦን በኩል ትንሽ ይሻላል፤ በናይትሮጅን ኦክሳይድና በጥቃቅን ብናኝ ግን ሳንባ ላይ ይበረታል። ቮልስዋገን በፍተሻ ጊዜ ብቻ ልቀት የሚቀንስ ሶፍትዌር 11 ሚሊዮን በሚሆኑ መኪኖች ላይ መጫኑ በ2015 ከተጋለጠ ወዲህ፣ የናፍጣን የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚከራከረኝን ሰው አላምነውም።

ከተክል የሚሠራው ነዳጅ፣ ኤታኖል፣ ጥሩ ጠበቆች አሉት። ተክሉ ሲያድግ ካርቦኑን መልሶ ይወስዳል ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከማዳበሪያው የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ገደማ የበለጠ ሙቀት ያምቃል። ለእርሻው ደን ከተመነጠረ ደግሞ ሒሳቡ ለብዙ ዓመታት ዕዳ ውስጥ ይገባል። ከሸንኮራ አገዳ የሚሠራው ከበቆሎው የሚሻለው ፋብሪካው የአገዳውን ጭማቂ ከወሰደ በኋላ ተረፈ ምርቱን ራሱን አንድዶ ስለሚሠራ ነው። ሃይድሮጂንን በፍጥነት ነው ያለፍኩት። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ከውኃ ለመለየት 50 ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ ነው) እና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ መኪናውን የሚወስደው ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያንኑ መንገድ በ18 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ዛሬ የሚሸጠው ሃይድሮጂን በአብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

መከራው የመጣው የኤሌክትሪኩን ሒሳብ ስጀምር ነው። መኪናው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ ማወቅ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል ግራም ይዞ እንደሚመጣ የሚወስነው ግን ማመንጫው ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2014 ያወጣው፣ ማመንጫው ከሚገነባበት እስከሚፈርስበት ያለውን ሁሉ የሚቆጥር አማካይ ግምት በኪሎዋት ሰዓት ለድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ ለተፈጥሮ ጋዝ 490፣ ለትልልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች 48፣ ለውኃ 24፣ ለኒውክሌር 12፣ ለነፋስ 11 ነው። የሚጎድለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ከየትኛው ስንት እጅ እንደሆነ።

ኃይል አከፋፋዩ ዘንድ ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተመ ብሮሹር ሰጠኝ። መሐሉ ላይ ትልቅ ክብ ግራፍ አለ፤ ግማሹን አረንጓዴ የተቀቡት ፀሐይና ነፋስ ይዘውታል። ከግርጌው በደቂቅ ፊደል «የተተከለ አቅም፣ በሜጋዋት» ይላል። የተተከለ አቅም ማለት ማመንጫው በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ ሊሰጥ የሚችለው ነው። የፀሐይ ማመንጫ ሌሊቱንና ደመናውን ጨምሮ በዓመት ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ቢያመነጭ ነው፤ ኒውክሌር ደግሞ ዘጠኝ አሥረኛ ገደማ ይደርሳል። ሁለቱን በሜጋዋት ጎን ለጎን ስሎ «ኃይላችን ይህን ይመስላል» ማለት ሕዝብን ማሳሳት ነው።

«የምፈልገው የመነጨውን ኃይል ነው፤ በጊጋዋት ሰዓት፣ ማለትም በሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት» አልኩት።

«ለሁሉም የምንሰጠው ይህንኑ ነው፤ ይበቃዎታል» አለኝ።

ወደ ዕቅድ ክፍል ተመራሁ። እዚያ በደብዳቤ ጠይቁ ተባልኩ፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ከረመ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ኃላፊዋ መስክ ወጥተዋል፣ ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ ወደ መጣበት ይመለስ። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት መልስ መጣ፤ «ድርጅታችን በአብዛኛው ከታዳሽ ምንጮች የሚገኝ ኃይል እንደሚያቀርብ እንገልጻለን።» አንዲት ቁጥር የለችበትም። ይህን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ የጠየቅሁት የመንግሥት ምስጢር አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከጭነት መቆጣጠሪያ ክፍል መሐንዲስ ነው። ጥያቄዬን በትዕግሥት ሰምቶ ወደ ዓመታዊ ሪፖርቱ አባሪ መራኝ፤ ማንም ሊያነበው የሚችል ሰነድ ነው። በመጨረሻዎቹ ገጾች እያንዳንዱ ማመንጫ በዓመት ያመነጨው በዝርዝር ተቀምጧል። ብሮሹሩ ላይ ግማሹን ክብ የያዙት ፀሐይና ነፋስ እዚህ ሩብ እንኳ አልሞሉም፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጋዝ ነበር። እናንተም «ልቀታችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መፈክር ነው የሚመለስላችሁ። ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ ማመንጫ ስንት ጊጋዋት ሰዓት አመነጨ፣ ስንት ከውጭ ተገዛ፣ ስንት በመስመር ላይ ባከነ፣ ሲመሽስ የሚነሳው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ በራሱ ሄደ። የመስመር ብክነት 10 በመቶ ቢያዝ፣ በጋዝ ኃይል የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና በኪሎ ሜትር 100 ግራም ያህል ያስወጣል፤ በከሰል 165፤ በነፋስና በውኃ ከ5 ግራም እምብዛም አይርቅም። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሲመረት 5 ቶን ያህል ካርቦን እንደሚወጣ ብንቆጥር፣ መኪናው 195 ግራም ከሚለቀው የቤንዚን መኪና ባነሰው ልክ ይህን ዕዳ በንጹሕ ኃይል ከ26 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ይከፍላል፤ በጋዝ 53 ሺህ ገደማ ይፈጅበታል፤ በከሰል ከ150 ሺህም ያልፋል። ኤሌክትሪክን በጭፍን የሚያወድሱትም የሚያጣጥሉትም ይህን ስሌት ሳይሠሩ ነው የሚጮኹት።

መኪናችሁን ሌሊት ቻርጅ አድርጉ የሚለውን ይፋዊ ምክር አልቀበለውም። በዚያ ሰዓት የኃይል ፍላጎት ስለሚቀንስ ለአከፋፋዩ ይመቸዋል፤ በእኛ መስመር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ የሚነሱት የጋዝ ማመንጫዎች ናቸው። ንጹሑ ሰዓት እኩለ ቀን ነው። በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ፣ ማለትም በባትሪም በቤንዚንም የሚሄድ መኪና፣ ይገዛ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ አጥብቄ ተቃወምኩ። የአውሮፓ ኮሚሽን ከመኪኖቹ ከራሳቸው መረጃ ሰብስቦ በ2024 እንዳሳተመው፣ በመንገድ ላይ የሚለቁት በላቦራቶሪ ከተመዘገበላቸው በአማካይ 3.5 እጥፍ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አሽከርካሪዎች ሶኬቱን ትተው በቤንዚን ይነዱታል።

ኮሚቴው ያቀረብኩትን ተቀበለ፤ እኮራበታለሁ። ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱት መኪኖች በኤሌክትሪክ ተተኩ፤ በምሳ ሰዓት ቻርጅ ይደረጋሉ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚወጣው አሮጌ ፒካፕ ግን እስኪያልቅ እንዲያገለግል አስወሰንኩ። በዓመት ከሚሄደው ጥቂት መንገድ አንጻር የአዲስ ባትሪ ዕዳ ተከፍሎ አያልቅም ነበር።