አንድ ጋት የሚያህል ርቀት

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! በዚህ እንቁጣጣሽ በተለይ የማስባችሁ፣ ባለፈው ዓመት ያለ የሌለ ኃይላችሁን አፍስሳችሁ ያሰባችሁት ለጥቂት ያመለጣችሁን ነው፤ ለእናንተም ብዬ ከልቤ የማይወጣውን ሃንጋሪያዊ መዶሻ ወርዋሪ፣ ጁላ ዢቮትስኪን፣ ላነሳ ወደድኩ።

የዚህ የቡዳፔስት ልጅ የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ዘመን የእኛ የአበበ ቢቂላ ዘመን ነው፦ ሮም፣ ቶኪዮ፣ ሜክሲኮ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1964 በማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ዢቮትስኪ ሁለቱንም ጊዜ ብር ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በቶኪዮ የቀደመው የሶቪየት ኅብረቱ ሮሙአልድ ክሊም ሲሆን፣ ልዩነታቸው 65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። በ1965 ዴብሬጸን ከተማ ላይ 73.74 ሜትር ወርውሮ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ነገር ግን በዓመቱ፣ በገዛ ከተማው በተካሄደው የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ ክሊም እንደገና በለጠው። ክብረ ወሰኑን ይዞ በአገር ሰው ፊት ሁለተኛ መሆን፣ ከሁለቱ የኦሊምፒክ ብሮች ይልቅ የከበደው ይህ ይመስለኛል።

የስፖርቱ መዶሻ፣ በሽቦ ጫፍ የታሰረ፣ ከነሽቦውና ከነእጀታው 7.26 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ኳስ ነው። ወርዋሪው ስፋቷ 2.135 ሜትር በሆነች ክብ ውስጥ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ ኳሱ ወደ ውጭ ሲጎትተው እርሱ ወደ ኋላ ተደግፎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ እግሩ ከክቧ ቢያልፍ ልፋቱ ሁሉ አይቆጠርለትም።

በ1968፣ የእኛ 1961 ዓ.ም. በገባ በአራተኛው ቀን፣ ቡዳፔስት ላይ የራሱን ክብረ ወሰን በ2 ሳንቲ ሜትር አሻሻለ። ከወር በኋላ በሜክሲኮ ክሊም 73.28 ሜትር ሲወረውር፣ የ31 ዓመቱ ዢቮትስኪ 73.36 አስመዘገበ። ልዩነቱ 8 ሳንቲ ሜትር፣ አራት ጣት ጎን ለጎን ሲደረደር የሚሞላው፣ በአባቶቻችን መለኪያ አንድ ጋት ገደማ ነው። ከሮም ጀምሮ ስምንት ዓመት የተጠበቀው ወርቅ በዚያች ጋት መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ በዚያው ከተማ፣ በ10,000 ሜትር ብር አግኝቶ የነበረው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ።

አንዲት ጋት ጎድላችሁ ዓመቱ ላለቀባችሁ ወዳጆቼ ሁሉ፣ መልካም አዲስ ዓመት!