የትኛው ጥድ?

በደብረ ብርሃን በአንድ ተቋም የነፍሳት ናሙና ክፍል ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር አጋማሽ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚገኝ የገጠር ደብር 23 ትናንሽ ነፍሳት ሰብስቤ ተመለስኩ። ርዝመታቸው ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ አረንጓዴ ሆነው ክንፋቸው ላይ ቀላ ያለ ቀለም ጣል ያለባቸው፣ በጥድ ቅጠል መካከል ሲቀመጡ ዐይን የሚስታቸው ነበሩ። አሰባሰቡ ቀላል ነው። ነጭ ጨርቅ በእንጨት ተወጥሮ ከቅርንጫፉ ሥር ይያዛል፤ ቅርንጫፉ በዱላ ቀስ ተብሎ ይመታል፤ ጨርቁ ላይ የወደቀው ነፍሳት ብር ብሎ ከመሄዱ በፊት በመምጠጫ ቱቦ ተስቦ ወደ አልኮል ብልቃጥ ይገባል። የደብሩ ዘበኛ የሆኑት አረጋዊ «ቅርንጫፍ አትቁረጪ እንጂ ማራገፉስ ምን ይጎዳል» ብለው ፈቅደውልኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ያገኘሁት በቅጥር ግቢው ውስጥ ካሉት ያረጁ የሐበሻ ጥዶች ነው። ከዚያ በአጥሩ ውጭ በመደዳ ወደተተከሉት የፈረንጅ ጥዶች አለፍኩና በሁለተኛው ብልቃጥ መሰብሰብ ቀጠልኩ። ያለ ወቅቱ የመጣ ካፊያ ሲጀምር ጨርቁን ጠቅልዬ ሮጥኩ። ማታ ቢሮ ስደርስ በሁለቱም ብልቃጦች ውስጥ በእርሳስ ጽፌ የከተትኩት ወረቀት የቦታውን ስም፣ ቀኑንና «ጥድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዟል። በዕለቱ ይህ አላሳሰበኝም። እንዲያውም በማግስቱ ብልቃጥ ለመቆጠብ ብዬ ሁለቱን በአንድ ላይ ገለበጥኳቸው።

እነዚህ ነፍሳት ሚሪዴ የሚባለው አስተኔ አባላት ናቸው። በቋንቋችን የታወቀ የራሳቸው መጠሪያ ስለሌላቸው በክፍላችን «የዕፅዋት ትኋን» እንላቸዋለን፤ ከቤት ትኋን ጋርም በእርግጥ የሩቅ ዝምድና አላቸው። አስተኔው እስካሁን ስም የወጣላቸው ከ11,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን በትኋኖች ክፍል ውስጥ የሚተካከለው የለም። በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ አብዛኞቹን ከሌሎች ትኋኖች የሚለያቸው፣ በሌሎቹ አናት ላይ የሚገኙት ሁለት ነጠላ ዐይኖች የሌሏቸው መሆኑና የፊት ክንፋቸው ጠንካራ ክፍል ጫፍ ላይ በስብራት መስመር የተለየች አንዲት ሦስት ማዕዘን ያለቻቸው መሆኑ ነው። ይህን ያህሉን ማንኛውም የክፍላችን ባልደረባ በአንድ እይታ ይለየዋል። ወደ ዝርያ ሲወረድ ግን የውጭ መልክ ብቻውን አያስተማምንም፤ ፍርዱ ያለው በወንዱ የመራቢያ አካል ላይ ነው። የሆዱ ጫፍ ተለይቶ በሞቀ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሁድ ውስጥ ለስላሳው ሥጋ እስኪሟሟ ይቆያል፤ ታጥቦ በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ይቀመጥና ከየአቅጣጫው እየተገላበጠ ይሳላል። በዚህ አካል ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መቆንጠጫዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ የግራው ትልቅና የታጠፈ፣ የቀኙ ትንሽ ነው። የታጠፈበት ማዕዘን፣ የጫፉ ቅርጽ፣ በላዩ ያሉት ጠጉሮች አቀማመጥ፣ ሁሉም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። እኔ ከ6 ወንዶች ይህን እያወጣሁ ስስል 4 ወራት ሄዱ።

ሥዕሎቹን በታተሙ ገለጻዎች ውስጥ ካሉት ጋር ሳስተያይ አንድም የሚገጥም አላገኘሁም። ዲክሮስኪተስ የሚባለውን፣ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ በሰሜኑ የዓለም ክፍል በጥድና በጥድ ዘመዶች ላይ የሚኖሩትን ወገን ጨምሮ፣ በጥድ ላይ እንደሚኖሩ የታወቁ ወገኖችን አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ በኋላ ነው ረቂቁን የጻፍኩት፤ በውስጡም «መኖሪያው የሐበሻ ጥድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ማመንታት አስገባሁ።

ረቂቁን ያነበቡት የክፍላችን ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ የጨረሱ ሰው ናቸው። በማግስቱ ጠሩኝና ወረቀቱን ሳይሆን መርፌ ላይ የተሰካውን ናሙና አንስተው ከሥሩ ያለችውን መለያ ወረቀት አነበቡ።

«ይህ የመጣው ከምንድን ነው?»

«ከጥድ ነው፣ ጋሼ።»

«የትኛው ጥድ?»

ዝም አልኩ። ጥያቄያቸውን አልደገሙትም። ናሙናውን ወደ ሣጥኑ መልሰው «ልጄ፣ ይህን እስክታውቂ ድረስ ረቂቁ እዚህ ይቆይ» አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ውሳኔው ከብዶኝ ነበር። ለእንስሳት የሚወጣውን ሳይንሳዊ ስም የሚገዛው ዓለም አቀፍ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 በኋላ ለሚወጣ የዝርያ ስም የስሙ መያዣ የሚሆን ናሙና በግልጽ እንዲሰየምና የሚቀመጥበት ቦታ እንዲጠቆም ያስገድዳል እንጂ ትኋኑ የተያዘበትን ዛፍ ስም አይጠይቅም። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸውም በሕጉ ስሙ እንደሚጸና አልካዱም። ነገር ግን ሁለቱን ዛፎች ጎን ለጎን አድርገው ሲያስረዱኝ፣ የሳትኩት አንዲት ቃል ብቻ አለመሆኑ ገባኝ።

በአማርኛ ሁለቱንም ጥድ ብንላቸውም አንድ ወገን እንኳ አይደሉም። የሐበሻ ጥድ የዚሁ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ከዘመዶቹ መካከል በተፈጥሮው ከምድር ወገብ በስተደቡብ ድረስ የዘለቀውም እሱ ብቻ ነው። ፍሬው ትንሽና ሥጋማ፣ ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ ነው። የፈረንጅ ጥድ ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ሌላ ዛፍ ሲሆን ፍሬው ደረቅ፣ በእንጨት ቅርፊቶች የተያያዘ እንክብል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ «የፖርቱጋል» የሚል ትርጉም ይዞ ቀርቷል፤ እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሚለር በ1768 ስም ሲያወጣለት ዛፉ ይታወቅ የነበረው ፖርቱጋል ውስጥ ተተክሎ ስለነበረ ነው። ጋሼ ይህን የነገሩኝ ቆጣ ብለው ነበር፤ ዛፍ ባልተወለደበት አገር ስም ሲጠራ ከ250 ዓመት በላይ ማለፉ ከልብ ያሳዝናቸዋል።

የዕፅዋት ትኋን እንቁላሉን በተክሉ አካል ውስጥ ወግቶ የሚያስቀምጥ በመሆኑ ማንም ሳያየው ከችግኝ ጋር ባሕር ሊሻገር ይችላል። የእኔዎቹ መኖሪያቸው የፈረንጅ ጥድ ከሆነ፣ አዲስ ዝርያ ያልኩት ምናልባት በሜክሲኮ ከታወቀ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ስምም ያለው እንግዳ ሊሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ያስተያየሁት ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ዝርያዎች ጋር ብቻ ነበር። መኖሪያቸው የሐበሻ ጥድ ከሆነ ግን የዚህ ደጋ የጥንት ነዋሪ ናቸው፤ እየሳሳ ያለው የጥድ ደን ሲያልቅ አብረው የሚያልቁም ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ብልቃጥ ገልብጬዋለሁ። መለያዋ ላይ ሌላም ጉድለት ተገኘ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር «12/2» ብዬ ዓ.ም. ሳልጨምር ስለጻፍኩት፣ ጥቅምት 12 መሆኑን የማያውቅ የውጭ አገር አንባቢ የካቲት ወይም ታኅሣሥ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ወደ ደብሩ የተመለስኩት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ዘበኛው አባት አልረሱኝም፤ የመጣሁበትን ምክንያት ስነግራቸው ግን በጣም ተገረሙ።

«ልጄ፣ እናንተ የተማራችሁት ሁለቱንም አንድ አድርጋችሁ ነው እንዴ የምትጽፉት? ያኛውኮ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ ነው የተተከለው። ይኸኛውን አያቴም እንዲሁ ትልቅ ሆኖ ነው ያገኙት።»

«አባባ፣ ዘንድሮ ለየብቻ ነው የምጽፈው» አልኳቸው።

በዚህ ጊዜ የምፈልገው ክንፍ ያወጣውን ብቻ አልነበረም። ክንፍ ያለውን ትኋን ነፋስም ያሳርፈዋል፣ ራሱም በርሮ ከማንኛውም ዛፍ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ከዛፍ ላይ መያዙ መኖሪያው ያ ዛፍ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ገና ክንፍ ያላወጣው ግልገል ግን ከተፈለፈለበት ተክል ብዙ አይርቅም። ከሁለቱም ወገን 5 ዛፎች መርጬ ለእያንዳንዱ ዛፍ የራሱን ብልቃጥ አዘጋጀሁ፤ አንዱን አራግፌ ወረቀቱን ጽፌ ሳልጨርስ ወደሚቀጥለው አላለፍኩም። ጨርቁንም በየመካከሉ አራገፍኩት። ከፈረንጅ ጥዶቹ ሁሉ የወደቀው ክንፍ ያለው አንድ ትኋን ብቻ ነበር። ከሐበሻ ጥዶቹ ግን፣ በተለይ ፍሬ ከያዙት ቅርንጫፎች፣ ግልገሎቹ ከነታላላቆቻቸው ወደቁ። ከጥዱ ቅጠል አረንጓዴነት ፈጽሞ የማይለዩ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ግን ፍጥነታቸው የሚያጋልጣቸው፣ አንዳንዶቹ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ነበሩ።

ግልገል ብቻውን ዝርያውን አይናገርምና 8ቱን በሕይወት ይዤ መጣሁ። ከነፋስ የወደቀ ትኩስ ቅርንጫፍ ዘበኛው አባት ራሳቸው አንስተው ሰጥተውኝ ነበር። ቅርንጫፉን በውኃ ጠርሙስ አቁሜ፣ የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ደፍኜ፣ ሁሉንም በመስታወት ማሰሮ ውስጥ አስገባሁና አፉን በሳሳ ጨርቅ አሰርኩት። የደብረ ብርሃን ሌሊት ስለሚበርድ ማሰሮውን ቢሮ አላሳደርኩትም፤ ቤቴ ወስጄ ከምድጃው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። የዕፅዋት ትኋን ከእንቁላል ወጥቶ ክንፍ እስኪያወጣ 5 ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። በ6ኛው ሌሊት፣ ከእንቅልፌ ነቅቼ በባትሪ ሳይ፣ አንዱ እግሮቹን ቅጠሉ ላይ ተክሎ ቆሟል። ጀርባው መካከል ላይ ቀጭን መስመር ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ እንደ ወተት የነጣ አካል ቀስ እያለ ወጣ፤ አንቴናዎቹንና እግሮቹን ከአሮጌው ቆዳ አንድ በአንድ መዘዘ። ክንፎቹ መጀመሪያ የተጨማደደ ወረቀት ይመስሉ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ግን ተዘርግተው፣ ያቺ የማውቃት ቀላ ያለች ቀለም ከጫፋቸው መታየት ጀመረች። ከ8ቱ 5ቱ ለዚህ በቁ፤ ሁለቱ ወንዶች ነበሩ። ቀለማቸው ከጸና በኋላ የአንዱን የግራ መቆንጠጫ በግሊሰሪን ውስጥ አድርጌ ካለፈው ዓመት ሥዕሌ ጎን ሳየው እጥፋቱም ጫፉም ገጠመ። ጋሼ ረጅም ጊዜ በማይክሮስኮፑ አዩና «አሁን ቤቱን አገኘሽው» አሉኝ።

ረቂቁን ከመኖሪያው ክፍል ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት፤ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ዝርያዎች ጋር ማስተያየቱንም፣ አሁን እንደ ፊቱ አስጊ ባይሆንም፣ ጨመርኩበት። ሆሎታይፕ፣ ማለትም ስሙን ለዘለቄታው ተሸክሞ የሚኖረው አንዱ ናሙና፣ በሁለተኛው ጉዞ ከሐበሻ ጥድ ከተያዙት ወንዶች ተመረጠ። የመጀመሪያዎቹ 23 ግን ለገለጻው መሠረት ከሆኑት ናሙናዎች ዝርዝር ወጡ፤ የትኛው ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ከእንግዲህ ማንም ሊለየው አይችልም። ከመካከላቸው የሳልኳቸው 6 ወንዶች ይገኛሉ፤ የ4 ወራት ሥራ ነውና ሳስበው አሁንም ይቆረቁረኛል። አልጣልናቸውም። አሮጌዋን መለያ ሳላነሳ ከሥሯ «ጥድ፣ የሐበሻ ወይም የፈረንጅ መሆኑ ሳይለይ የተደባለቀ» የሚል ሁለተኛ ወረቀት ለእያንዳንዳቸው ሰካሁ።

በዚያው ሣጥን፣ በላይኛው መደዳ፣ ሆሎታይፑ ብቻውን ተቀምጧል። የመጀመሪያዋ መለያው የቦታውን ስም፣ ከፍታውን፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሰብሳቢዋን ስምና «ከሐበሻ ጥድ፣ ከግልገሎቹ ጋር» የሚለውን ይዛለች። ከሥሯ ያለችው ቀይ ወረቀት ሆሎታይፕ ትላለች፤ የዝርያው ስም የሚጻፍባት መስመር ገለጻው እስኪታተም ድረስ ባዶ ነው።