ደብረ ብርሃን ላይ ትሪኮሞናስ ለምን ያመልጠናል?

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ጠዋት የላቦራቶሪው ስላይድ (ናሙና የሚቀመጥበት መስታወት) እንኳ ጣት ያቀዘቅዛል። ትሪኮሞናስ፣ በግንኙነት የሚተላለፈውና የሴት ብልትን የሚያጠቃው ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ፣ ደግሞ ብርድ አይችልም። በማይክሮስኮፕ የምናውቀው በእንቅስቃሴው ስለሆነ፣ ቀዝቅዞ ከቆመ ክብ ይሆንና ከነጭ የደም ሕዋስ አይለይም። «አልታየም» ተብሎ ይጻፋል፣ ሴትዮዋም ፈሳሹንና ማሳከኩን ይዛ ወደ መንዝ ትመለሳለች።

ስለዚህ ሥራው ሳላይኑን (ናሙናው የሚነከርበትን የጨው ውኃ) ከማሞቅ ይጀምራል። ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል 0.9 በመቶ ሳላይን በትንሽ ቱቦ ቀድቶ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር (ሙቀት ጠባቂ ሣጥን) ውስጥ ማቆየት ነው፤ ኢንኩቤተር ከሌለ በመዳፍ ጨብጦ ማሞቅም ይረዳል። ስፔኩለሙን (ብልትን ከፍቶ ማያ መሣሪያውን) ለብ ባለ ውኃ ማርጠብ ይበቃል፣ ቅባት አይነካው። ናሙናው በስዋብ (ጫፉ ጥጥ በሆነ ዘንግ) ከብልት ግድግዳና ከማህፀን በር ኋላ ካለው ስርጉድ ይወሰዳል። ብዙ ሴቶች ነውር እየመሰላቸው ውስጣቸውን ታጥበው ስለሚመጡ፣ ሳይታጠቡ እንዲመጡ አስቀድሞ በደግ ቃል መንገር ያስፈልጋል።

ስዋቡ ሳላይኑ ውስጥ ከተነከረ በኋላ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) ከላይ፣ ከዚያ ወዲያው ማየት፤ ቢበዛ በ10 ደቂቃ ውስጥ። ናሙናውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ወረፋ ማስጠበቅ ምርመራውን አለማድረግ ነው። መጀመሪያ በ10 እጥፍ፣ ቀጥሎ በ40 እጥፍ በሚያጎላ ኦብጀክቲቭ (የማይክሮስኮፑ ሌንስ) ይታያል። ኮንደንሰሩ (ከስላይዱ በታች ያለው ብርሃን ሰብሳቢ) ዝቅ፣ ብርሃኑ ቀነስ ይበል፤ ብርሃን ከበዛ የተሕዋሱ ጅራፎች (የሚዋኝባቸው ክሮች) ከዓይን ይጠፋሉ። የምንፈልገው ከነጭ የደም ሕዋስ ጥቂት የሚበልጥ፣ አንድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ እየተንገጫገጨ የሚዞር ነገር ነው።

ሁሉም በትክክል ቢሠራ እንኳ ይህ ዘዴ የሚያገኘው በሽታው ካለባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጡትን ነው። የብልቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4.5 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ደም ወይም የወንድ ዘር ካለበት ግን የፒኤች መለኪያው ወረቀት ያሳስታል፣ በብልት ባክቴሪያ መዛባትም ፒኤች ከፍ ይላል። እኔ ውጤቱ ላይ «የለም» ተብሎ መጻፉን አጥብቄ እቃወማለሁ። «አልታየም» ይበቃል፤ ምልክቱ ካለ ሐኪሙ ሕክምናውን አይከልክላት።

ወደ አፋር ወርዳ በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ የኖረች ሴት ከሆነች ደግሞ ብልሃርዝያም (ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ) ይታሰብ። የሽንት ብልሃርዝያ እንቁላል ሹል እሾሁ ጫፉ ላይ ነው፤ በስዋብ እምብዛም ስለማይገኝ ሽንቷን በቀትር አካባቢ ተቀብሎ ማየት፣ የማህፀን በሯንም አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ቦታ እንዳለው በጥንቃቄ መመልከት ነው።

ትሪኮሞናስ ከተገኘ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ትወስዳለች። ባሏም በዚያው ጊዜ ይታከም፤ ሁለቱም እስኪጨርሱ ግንኙነት ይቆይ፣ ከ3 ወር በኋላም እንደገና ትመርመር።