«ጋሼ፣ መኪና ተገኝቷል»

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ጠዋት ገና 12 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ሰልፉ እንዴት ነው?» «ረጅም ነው፣ ታክሲ ግን እየገባ ነው።» «ወደ መገናኛ እየወጣሁ ነው፣ ሁለት ሰው እይዛለሁ።»

ስለ ትራንስፖርትና ቴክኖሎጂ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው አፕ ነው። እኛ ሰፈር ግን ኑሮን ያቀለለው ይሄ ግሩፕ ነው። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ባቡር አያት ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለነው ታክሲ ጠባቂዎች ነን። ድሮ ታክሲ እንደሌለ የማውቀው ተራው ጋ ወርጄ፣ ግማሽ ሰዓት በብርድ ቆሜ ነበር፤ አሁን ቤቴ ሻይ እየጠጣሁ አውቃለሁ። እህቴ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ሴቶቹ እዚያው ግሩፕ ላይ ተቀጣጥረው፣ በር ላይ ተጠባብቀው፣ አብረው ይወርዳሉ። እናታችን እንቅልፍ ያገኘችው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሌላው ሒሳብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል ብዬ አልጠበቅሁም። አንድ ሾፌር ግን ነገሩን አስረዳኝ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ፣ ተሳፋሪ ሲልክለት ብሩ እዚያው ለማደያ ይሆነዋል፤ ጥሬ ብር ይዞ ወደ ባንክ መሮጥ ቀረለት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት 200 ብር አወጡ። ረዳቱ «እናቴ፣ ዝርዝር የለኝም» አላቸው። አጠገባቸው የነበረች ልጅ «ይተዉት እማማ፣ እኔ እልክለታለሁ» ብላ ከፈለችላቸው። ድሮ ቢሆን የመልስ ነገር እስከ መገናኛ ያጨቃጭቅ ነበር። ስማርት ስልክ የሌለውም *127# ብሎ መላክ ይችላል። ባትሪ ያለቀበት ሰው ግን አሁንም ኪሱን መዳበስ አለበት።

ማታ ስመለስ ነው የሚከብደው። በአፕ መኪና እጠራለሁ፣ ሾፌሩ ይደውላል። «ወዴት ነው?» «አባዶ።» ስልኩ ይዘጋል፣ ጥሪው ይሰረዛል። በጣም ያናድደኛል። ሰውዬው ሲመለስ ባዶውን እንደሚሆን ይገባኛል፤ ግን መሄድ የማይፈልግ ከሆነ ቀድሞ ቢናገር እኔም ጊዜዬን አላቃጥልም፣ ምክንያቱም ዳር የሚኖር ሰው ከብሩ ይልቅ የሚያልቅበት ሰዓቱ ነው። ለዚህ ነው ከሁሉ በላይ የምመኘው የከተማ አውቶቡስ የት እንደደረሰ በስልክ ማየት የሆነው። አሁን እኛ በእጃችን እየጻፍን የምንሠራው ሥራ እሱን ነው።

ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ስልካቸው ተራ ስልክ ነው፣ ግሩፑ ውስጥ የሉም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው። ቦታ ያለው ጎረቤት ሲጽፍ ወርጄ በራቸውን አንኳኳለሁ። «ጋሼ፣ መኪና ተገኝቷል!» ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ።