ብርሃን መለኪያውን የሰቀልኩበት ቦታ

የአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ ምዕራባዊ ገጽ ከፀሐይ ጋር እንዲከፈትና እንዲዘጋ ለማድረግ ስነሣ፣ የፈራሁት የብረት ሥራውን ነበር። እሱ ግን አላስቸገረኝም፤ ንድፉ ጸደቀ፣ 24 ባለ ቀዳዳ የአሉሚኒየም ፓነሎች በየማጠፊያቸው ተሰቀሉ፣ ሞተሮቹም ተገጠሙ። መከራ ያሳየኝ የብርሃን መለኪያው፣ ማለትም ሰንሰሩ ነው።

የአምራቹ መመሪያ ሰንሰሩ በፓነሎቹ መካከል እንዲሰቀል ያዛል፤ እኔም ሳልመረምር ታዘዝኩ። ሥራውን ሊረከብ የመጣው ተቆጣጣሪ ጥርት ባለ ቀን ፓነሎቹን ለሩብ ሰዓት ያህል አስከፍቶና አስዘግቶ ፈረመ። ደመና ባለበት ቀን ደግመን እንፈትሸው ብዬ ብጠይቀው በመርሐ ግብሩ ውስጥ የለም ብሎኝ ሄደ፤ ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ደመናና ፀሐይ የተፈራረቁበት የመጀመሪያው ቀን ሁሉን ገለጠው። ፀሐይ ብቅ ስትል ፓነሎቹ ይዘጋሉ፤ ሲዘጉ የአንደኛው ጥላ ሰንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ሰንሰሩ ጨለማ መስሎት ያስከፍታቸዋል፤ ሲከፈቱ ጥላው ይነሣና እንደገና ይዘጋሉ። መስኮት ሥር ቆሜ በአንድ ሰዓት ውስጥ 31 ጊዜ ሲመላለሱ ቆጠርኩ። ማጠፊያዎቹ ሲጥ ሲጥ ይሉ ነበር፤ ከሥራቸውም ግራጫ የብረት ብናኝ በነጩ ግድግዳ ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ። ወሩ ሳያልቅ ሦስት ሞተሮች ተቃጠሉ።

ሰንሰሩን ነቅዬ ጥላ በማይደርስበት የጣሪያ ጠርዝ ላይ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሬ ሰቀልኩት። መመሪያው ለመዝጊያም ለመክፈቻም አንድ የብርሃን መጠን ይበቃል ይላል፤ አይበቃም። እኔ መዝጊያውን 40,000፣ መክፈቻውን 20,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ አሃድ) አደረግሁ፤ ለውጡ ለ15 ደቂቃ ካልጸና ሞተር እንዳይነሣም አዘዝኩ። ከሁሉ በላይ የፀሐይ አቅጣጫ ለዓመቱ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰላ ስለሆነ፣ ፓነሎቹን የሚመራው ያ ስሌት እንጂ ሰንሰሩ መሆን የለበትም። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቁት የአቡ ዳቢ አል ባህር ማማዎች በእያንዳንዳቸው ላይ ከ1,000 በላይ የሚታጠፉ ጥላዎችን የሚያንቀሳቅሱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰንሰሮቹ ጣልቃ የሚገቡት ደመና ወይም ኃይለኛ ነፋስ ሲኖር ነው። ይህን ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት አንብቤው ነበር፤ ለትልቅ ሕንፃ ብቻ የሚያስፈልግ መስሎኝ ማለፌ ይቆጨኛል።

ሌላም ጸጸት አለብኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፓሪሱ የአረብ ዓለም ተቋም እንደ ካሜራ ዓይን የሚጠብቡና የሚሰፉ የብርሃን መስኮቶቹ ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት መንቀሳቀስ እንዳቆሙ እያወቅሁ፣ ስምንቱን ሞተሮቼን ከውስጥ እጅ በማይደርስበት ቦታ አስገጠምኳቸው። ከእነዚህ አንዱ በቆመ ቁጥር የአንድ ሰዓት ጥገና መወጣጫ በመትከልና በመንቀል ሁለት ቀን ይፈጃል።