ድሬዳዋ፦ ሐዲድ ያሳደገው ቤተሰብ

ድሬዳዋ ላይ ከምሳ በኋላ ደጅ የሚታየው ወይ እንግዳ ነው ወይ ባጃጅ ነጂ። እኔም የከዚራን ሰፈር ዛፎች ጥላ እየተከተልኩ ወደ ድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

ከተማዋን የቆረቆራት ሐዲዱ ነው። ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሥራ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በ1902 መጨረሻ እዚህ ሜዳ ደረሰ፤ ተራራውን መውጣት ከባድ ስለሆነ ሐረር ቀረች። ኩባንያው ከሰረ፣ በ1908 ሌላ ተተካ፣ በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የምኒልክና የስዊሱ መሐንዲሳቸው የኢልግ ስም ይነሣል፤ ድንጋይ ፈላጩን ግን የሚያስታውስ የለም።

ያስተናገዱኝ ጡረተኛ የአንዱ የልጅ ልጅ ናቸው። «አያቴ ከምንጃር ወርዶ ነው የተቀጠረው» አሉኝ። መስመሩ ሲያልቅ አያትየው ጥገና ላይ ቀሩ። ብሎን ማጥበቅ፣ የሸሸ ጠጠር መመለስ፣ ደራሽ ውሃ አፈሩን ጠርጎ ሐዲዱን ሲያንጠለጥለው በውድቅት ተጠርቶ መውጣት። ሽማግሌው ከሐዲዱ ሥር የተጋደመውን አግዳሚ በጫማቸው መታ አደረጉት፤ አቃጨለ። ብረት ነው። «እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰው ነበር።»

ባቡሩ ያኔ በጨለማ አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሲፈጅ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። ወንዱ ደመወዝ ሲጠብቅ ጓዳውን ያቆመችው ሚስቱ ናት፤ እንጀራ ጋግራ፣ ቡና አፍልታ ለአዳሪው ትሸጣለች። «አያቴማ ‹ዕድሜ ለመንገደኛ!› ትል ነበር» ብለው ሳቁ። ለኔ ከኩባንያው ታሪክ ይልቅ የዚህች ሴት ምጣድ ይበልጥብኛል።

ልጇ መዶሻ አልያዘም፤ ወርክሾፕ ገብቶ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫውን ማሽን፣ ተማረ። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ፊደል ሳይቆጥር ፈረንሳይኛ ለመደ፤ ቤት ሲገባ ልጆቹን የሚቆጣውም በሱ ነበር አሉ። ሦስተኛው ትውልድ እሳቸው ናቸው። የልጆቻቸውን ጉዳይ ስጠይቅ እጃቸውን ወደ ከተማው ዳር ወረወሩ፤ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው እዚያ ነው። «አንዳቸውም አልገቡበትም» አሉ።

ባለቤታቸው ከበር ላይ ሆነው «አቦ፣ ልጁን በፀሐይ ልትጨርሰው ነው?» አሏቸው። ገባን፣ ሻይ ቀረበ። የራሳቸውን የሥራ ዘመን ገና አልጀመሩልኝም ነበር።